ገማቹ ሲመጣ፦ የቢቸናና የሞጣ ባለርስቶች የ1960 ዓ.ም. የግብር ሙግት

ኅዳር 1960 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ አንድ አዋጅ ወጣ። ቁጥሩ 255፣ ስሙ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ነው። ለዘመናት ሲከፈል የኖረውን አሥራት ሽሮ፣ ገበሬው በዓመት ባገኘው ገቢ ልክ እንዲከፍል የሚያዝ ሕግ ነበር። በዓመት እስከ 300 ብር ለሚያገኝ ሰው የተቆረጠው ግብር 1 ብር ከ50 ሳንቲም ብቻ ነው።

ወራት ሳይቆጠሩ ግን በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ አውራጃዎች፣ ግብር ሊገምቱ የመጡ ሰዎች ከየቀበሌው ተባረሩ። መንገድ ተዘጋ። ገበሬው ለመንግሥት ሹም አልታዘዝም አለ። ክረምቱ ሲገባ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ወደ አካባቢው ዘመተ፤ የአየር ኃይል አውሮፕላኖችም በመንደሮች ላይ ቦምብ ጣሉ።

አንድ ብር ከሃምሳ ሳንቲም እንዴት ወደ ቦምብ ያደርሳል?

ለዚህ ጥያቄ የተለመዱት መልሶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ጎጃሜ ግብር መክፈል አይወድም ይላል። ሁለተኛው ሕዝቡ አገረ ገዢውን ስለጠላ ነው ይላል። ሁለተኛው ከፊል እውነት አለው፤ አንደኛው ግን በመረጃ አይቆምም። ገበሬው ከ1960 በፊትም ይከፍል ነበር፤ ከዚያ በኋላም ከፍሏል። የተጣላው ከገንዘቡ መጠን ይልቅ ከሦስት ነገሮች ጋር ነው፦ ማን ይገምታል? የተሰበሰበው የት ይገባል? ግምቱ በርስቴ ላይ ምን ያመጣል? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ዛሬም ለንብረቱ የክፍያ ወረቀት የደረሰው ባለይዞታ ሁሉ የሚጠይቃቸው ናቸው።

■ ግብሩ በአያት ስም ነበር

ነገሩን ለመረዳት ከርስት መጀመር ያስፈልጋል።

በጎጃም መሬት የአንድ ሰው የግል ሀብት አልነበረም። አንድ አገር በመጀመሪያ ባቀናው አባት ስም ይታወቃል፤ የእሱ ዘር የሆነ ሁሉ፣ በአባቱም በእናቱም በኩል ቆጥሮ፣ ድርሻ የመጠየቅ መብት አለው። ስለዚህ አንድ ገበሬ እዚህ አንድ ማሳ፣ እዚያ ማዶ ሌላ ማሳ፣ በሚስቱ አገር ደግሞ ሌላ ማሳ ሊኖረው ይችላል። ዛሬ ያልያዘውን ነገ ዘር ቆጥሮ፣ ዳኛ ፊት ቆሞ ሊጠይቅ ይችላል። በ1950ዎቹ ዳሞት ውስጥ ኖሮ ይህን ሥርዓት ያጠናው አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ አለን ሆበን እንዳሳየው፣ የርስት ክርክር በጎጃም የገጠር ኑሮ ማዕከል ነበር። ሰው ጎልማሳ ሲሆን የሚከበረው ባለው ማሳ ብቻ ሳይሆን ተሟግቶ ሊያገኘው በሚችለው ማሳ ጭምር ነው።

ግብሩም ይህንኑ መንገድ ይከተላል። ግብር የሚጣለው በአቅኚው አባት መሬት ላይ ነው። ከዚያ በልጆቹ፣ በልጅ ልጆቹ ቁጥር ይከፋፈላል። ባለርስቶቹ በመካከላቸው ተደራድረው ድርሻ ድርሻቸውን ያዋጣሉ፤ ጭቃ ሹሙ ይሰበስባል፤ ወደ ላይ ይሄዳል። መንግሥት ስንት ሰው በመሬቱ ላይ እንዳለ፣ ማን ስንት ጥማድ እንደሚያርስ፣ ማን ስንት ቁና ጤፍ እንደሚያፍስ አያውቅም። ገበሬውም እንዲያውቅ አይፈልግም።

አለመፈለጉ ምክንያት ነበረው። በደቡብ ኢትዮጵያ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መሬት በቃላድ ሲለካ ምን እንደተከተለ ወሬው ሰሜን ድረስ ደርሷል። ገመዱ በተዘረጋበት አገር መሬቱ በጋሻ ተቆጠረ፤ ከፊሉ ለባላባት፣ ከፊሉ ለሹምና ለወታደር ተሰጠ፤ ቀድሞ ያርስ የነበረው ሰው ገባር፣ ቆይቶም ጭሰኛ ሆነ። ስለዚህ ለጎጃም ባለርስት ልኬት ማለት የግብር ሒሳብ ማቅለያ ዘዴ አልነበረም። መሬት ከባለቤቱ የሚወጣበት የመጀመሪያ እርምጃ ነው።

■ ከ1934 እስከ 1937፦ የመጀመሪያው ዙር

የ1960ው ሙግት አዲስ አልነበረም። ኢጣሊያ እንደተባረረ፣ በ1934 ዓ.ም.፣ መንግሥት ወጥ የመሬት ግብር አወጀ። መሬት ለም፣ ለም-ጠፍ እና ጠፍ ተብሎ በሦስት ተከፈለ፤ ለአንድ ጋሻ በቅደም ተከተል 15፣ 10 እና 5 ብር ተቆረጠ። አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር የሚጠጋ ነው። አሠራሩ ቀላል ይመስላል፤ ግን በጋሻ ለማስከፈል መሬቱ መለካት አለበት።

ጎጃም እምቢ አለ። አምስት ዓመት ጠላትን ሲዋጋ የኖረና ጠመንጃው በእጁ ያለ ገበሬ ነበር። ከጦርነት የወጣ ደካማ መንግሥት ሊያስገድደው አልቻለም። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ቁጥር 70 ለጎጃም፣ ለትግራይና ለበጌምድር የተለየ አንቀጽ ይዞ መጣ፦ እነዚህ ጠቅላይ ግዛቶች በጋሻ ተለክተው ሳይሆን፣ ከወረራው በፊት በ1927 ዓ.ም. ይከፍሉ በነበረው ልክ ይክፈሉ ተባለ።

ይህ ለባለርስቱ ትልቅ ድል ነበር። ሁለት ነገር አስተማረው። አንደኛ፣ በአንድነት እምቢ ማለት ሕግ እንዲለወጥ ያደርጋል። ሁለተኛ፣ መንግሥት ገመዱን ይዞ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም።

በዚያው ዓመት፣ ጥር 1937፣ የቢቸናው አርበኛ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። የበላይ ጉዳይ ከሥልጣንና ከሹመት ጋር የተያያዘ እንጂ የግብር ክስ አልነበረም። ለቢቸና ሰው ግን መልእክቱ ግልጽ ነበር፤ ጠላትን ያባረረውን ሰው የሰቀለ መንግሥት መሬትህን ልለካ ሲል በቅን ልብ ነው ብሎ ማመን ከባድ ነው።

■ ለትምህርት ቤት፣ ለሐኪም ቤት

ከዚያ በኋላ ክፍያዎች አንድ በአንድ ተጨመሩ። በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር መጣ፤ በመሬት ግብር ላይ ተደርቦ የሚከፈልና ለየአካባቢው ትምህርት ማስፋፊያ የተባለ ነው። በ1951 ዓ.ም. በተመሳሳይ መንገድ የጤና ግብር ተጨመረ። ሁለቱም ስማቸው መልካም ነው። ለልጅህ ትምህርት ቤት፣ ለሚስትህ ሐኪም ቤት የሚል ግብር ማን ይጠላል?

ችግሩ ገበሬው ይከፍላል፤ ትምህርት ቤቱ ግን ብዙ ጊዜ በአውራጃው ከተማ ነው። ቢቸና ወይም ሞጣ ከተማ ላይ ያለ ትምህርት ቤት ለጮቄ ተዳፋት ገበሬ የአንድ ቀን መንገድ ሊርቅ ይችላል። ክሊኒክ ከነጭራሹ የሌለበት ምክትል ወረዳ ብዙ ነበር። ገበሬው የከፈለውን ገንዘብ ተከትሎ ሲሄድ የሚያገኘው የሹም ቤት ነው።

በ1950ዎቹ ጎጃምን ያስተዳድሩ በነበሩት በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ዘመን ቅሬታው በረታ። በየጊዜው ልዩ ልዩ መዋጮ ይጠየቃል፤ የጦር መሣሪያ ይመዝገብ ተብሎ ለምዝገባው ይከፈላል፤ ከታች ያለው ሹም ደግሞ ለራሱ ይጨምርበታል። ገበሬው የትኛው በሕግ የተጣለ፣ የትኛው በሹም ፈቃድ የመጣ እንደሆነ መለየት አቃተው። ይህ ነጥብ በኋላ ለተከተለው ሁሉ ቁልፍ ነው። ሕጋዊውን ክፍያ ከሕገወጡ መለየት ያልቻለ ሰው አንዱን ከፍሎ ሌላውን ሊከራከር አይችልም፤ ያለው አማራጭ ሁሉንም መክፈል ወይም ሁሉንም እምቢ ማለት ነው።

ይህ ልዩነት በሥነ ጽሑፋችንም አለ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የዲማው ባላባት ፊታውራሪ መሸሻ ከልማድ ውጭ የሆነ ግብር ሲጠይቁ ባላገሮቹ የሚነሱት ከልማድ ውጭ ስለሆነ ነው። የተለመደውንማ ይከፍላሉ። መጽሐፉ በታተመ በሁለት ዓመቱ ከዲማ ብዙም በማይርቁት ቀበሌዎች ተመሳሳይ ሙግት በእውን ተነሳ።

■ በወረቀት ላይ ጥሩ የነበረ ሕግ

ፍትሐዊ ለመሆን፣ አዋጅ ቁጥር 255 በወረቀት ላይ ከቀድሞው የተሻለ ነበር። አሥራቱ የሀብታሙንም የደኻውንም መሬት በአንድ ዓይን የሚያይ፣ በተለይ በደቡብ ጭሰኛው ላይ የሚወድቅ ሸክም ነበር። አዲሱ ግብር በገቢ ልክ ከፍ እያለ የሚሄድ ነው፤ ብዙ ያገኘ ብዙ ይከፍላል። በፓርላማው ውስጥ ብርቱ ክርክር ያስነሳውም የሕግ መምሪያና የሕግ መወሰኛ ምክር ቤቶች አባላት ብዙዎቹ ራሳቸው ባለመሬት ስለነበሩ ነው።

ከጎጃም ዐመፀኞች መካከልም ሁሉም ደኻ አልነበሩም። ብዙ መሬት የነበራቸው ባላባቶችና ሀብታም ገበሬዎች ከፊት ተሰልፈዋል፤ በአዲሱ ሕግ ይበልጥ የሚጎዱት እነሱ ነበሩ። ርስት የሌለው ጢሰኛና የእጅ ባለሙያ ደግሞ በዚህ ሙግት ውስጥ ድምፅ አልነበረውም። የባለርስት ሙግት የባለርስት ነው።

ታዲያ ትንሹ ገበሬ፣ 1 ብር ከ50 የሚመጣበት ሰው፣ ለምን አብሮ ተነሳ?

መልሱ ያለው በአፈጻጸሙ ውስጥ ነው። የገቢ ግብር ለማስከፈል ገቢው መታወቅ አለበት። ገቢው እንዲታወቅ ገማች በየማሳው መሄድ፣ እያንዳንዱ ገበሬ የት ምን እንደዘራ መመልከት፣ በየስሙ መጻፍ አለበት። ማለትም በአያት ስም የነበረው ግብር በእያንዳንዱ ሰው ስም ሊሆን ነው። በመዝገብ ላይ «እገሌ፣ ይህን ማሳ፣ ይህን ያህል» ተብሎ ከተጻፈ በኋላ የእገሌ ዘመድ ዘር ቆጥሮ ድርሻዬን ሲል መዝገቡ ምን ይላል? ግብር የከፈለበት ደረሰኝ የመሬት ማስረጃ ይሆናል ማለት ነው። ዛሬ ያልያዘ ነገም አያገኝም። ዛሬ የያዘውም ግብሩን መክፈል ካቃተው መሬቱ በዕዳ ሊሄድበት ይችላል።

ይህ ባዶ ፍርሃት አልነበረም። በዚያው አሥር ዓመት ባሌ ውስጥ መሬት ተለክቶ፣ ግብር የተጠራቀመበት ገበሬ መሬቱ የመንግሥት ነው ተብሎ ተወስዶበት፣ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት የዘለቀ ዐመፅ ተነስቶ ነበር። የባሌን ገበሬ ያስነሳው የጎጃም ገበሬ ይመጣል ብሎ የፈራው ነው።

ከመንግሥት በኩል ደግሞ ይህን ፍርሃት ለማስወገድ የተሠራው ሥራ ከምንም የሚቆጠር አልነበረም። አዋጁ ርስትን አይነካም የሚለውን ቃል ገበሬው በሚያምነው ሰው አፍ አልሰማም። የሰማው የሚጠላው አገረ ገዢ በላካቸው ሰዎች አፍ ነው። ደጃዝማች ፀሐዩ ከሸዋ የመጡ ሹም ናቸው፤ የተጠሉበትን መዋጮ ያስከፍሉ የነበሩት ያው ሰዎች አሁን ገቢውን ሊገምቱ መጡ። ገማቹ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ገና ሥራው ሳይጀመር ተመልሷል።

■ የሙግቱ ደረጃዎች

ገበሬው በአንድ ቀን ጠመንጃ አላነሳም። መጀመሪያ በአገር ደንብ ተሰበሰበ፤ ተማከረ፤ ሽማግሌ መረጠ። ለሹም አቤት አለ። አቤቱታው ከአውራጃ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ሄደ። ጥያቄው ሁለት ነው፦ አዲሱ ግብር ይቅርልን፣ አገረ ገዢው ይነሱልን።

በጎጃም አስተሳሰብ ንጉሥ ሊያጠፋ አይችልም፤ የሚያጠፋው ሹሙ ነው። ስለዚህ አቤቱታው ክህደት አልነበረም። ንጉሡ ቢሰማ ይፈርዳል የሚል እምነት ነበር። የአዲስ አበባ መልስ ግን ዘገየ፤ ሲመጣም ግብሩን ክፈሉ የሚል ነበር። ጉዳዩን እንዲያጣሩ ከላይ የተላኩ ሰዎች ቢኖሩም አገረ ገዢው በቦታቸው ነበሩ። ተከሳሹ ወንበር ላይ እያለ የሚደረግ ማጣራት ከሳሽን አያሳምንም።

ሁለተኛው እርምጃ እምቢታ ሆነ። ገማቾች ወደ ቀበሌ እንዳይገቡ ተከለከሉ፤ የገቡትም ተባረሩ። ከመንግሥት ጋር የሚተባበር ሰው ተገለለ። ገበሬው የራሱን አለቆች መርጦ አካባቢውን ራሱ መጠበቅ ጀመረ። ሦስተኛው እርምጃ ጠመንጃ ነው። ከሞጣና ከቢቸና ወደ ዳሞትና ወደ ሌሎች አውራጃዎች ተዛመተ፤ ፖሊስ ሊያቆመው ስላልቻለ ጦር ተላከ። ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ፣ ከብት ተነዳ፣ አዝመራ በሜዳ ቀረ።

ከዚያ በኋላ መንግሥት ወደኋላ ተመለሰ። ደጃዝማች ፀሐዩ ከጎጃም ተነሱ። በ1961 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ወደ ጎጃም መጡ፤ ለዓመታት የተጠራቀመው የግብር ዕዳም ተሰረዘ። አዋጁ በሕግ አልተሻረም፤ በጎጃም ግን ሳይሠራበት ቀረ። ግምቱ ቆመ።

ደጃዝማች ፀሐዩ በኋላ ከፋን እንዲያስተዳድሩ ተሾሙ። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ የጅማ ሕዝብ ይነሱልን ብሎ አደባባይ ወጣ። የአንድ ቦታ ቅሬታ ሹሙን ወደ ሌላ ቦታ በማዛወር እንደማይዘጋ ይህ በቂ ምስክር ነው።

■ ማን አሸነፈ?

ብዙ ጊዜ ይህ ታሪክ እንደ ድል ይነገራል። በእርግጥም ገበሬው የጠየቀውን አግኝቷል። ግን ዋጋውን ማየት ያስፈልጋል። በአቤቱታው ላይ የተጻፉት ሁለት ጥያቄዎች በስተመጨረሻ የተመለሱት ሁለቱ ናቸው። አገረ ገዢው ተነሱ፤ ግብሩ ቀረ። በመካከል ያለፈው ደም፣ የተቃጠለው ቤት፣ የጠፋው አዝመራ አቤቱታው በደረሰ ጊዜ ሊቀር የሚችል ነበር። ሕግ ባለበት አገር አቤቱታ ጠመንጃ የሚያስገኘውን ማስገኘት ነበረበት። አላስገኘም፤ ስለዚህ ገበሬው የተማረው መጥፎ ትምህርት ነው፦ መንግሥት የሚሰማው ጥይት ሲጮኽ ነው የሚል።

ለመንግሥትም ኪሳራ ነበር። ከ1 ብር ከ50 የሚሰበሰበው ጦሩን ለማዝመት የወጣውን አይተካም። ከዚያ የከፋው፣ ትክክለኛ ሊሆን ይችል የነበረ የግብር ማሻሻያ ለአንድ ትውልድ ስሙ ጠፋ።

ርስቱስ? ከስድስት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ደርግ የገጠር መሬትን በሙሉ የሕዝብ ሀብት ያደረገውን አዋጅ ቁጥር 31/1967 አወጀ። በገማች የተፈራው ነገር በአዋጅ መጣ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ የአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ሲያደርግ በጎጃም ብዙ ቤተሰብ ማሳው እንደገና ተከፈለ። ጠመንጃ ያዳነው ርስት በፖለቲካ ሄደ።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሌላ ለውጥ መጣ። የአማራ ክልል የገጠር ይዞታን መመዝገብና ለእያንዳንዱ አባወራና እማወራ የይዞታ ደብተር መስጠት ጀመረ። ማሳ ተለካ፣ በስም ተጻፈ። የ1960 ገበሬ ሞቱ ነው ብሎ የፈራውን ነገር የልጅ ልጁ ተሰልፎ ወሰደ። ምን ተለወጠ? ልኬቱ ያው ልኬት ነው። የተለወጠው ልኬቱ ለማን ነው የሚለው ነው። በ1960 ገማቹ የሚጽፈው መዝገብ ከገማቹ ጋር ይሄዳል። አሁን ደብተሩ ከገበሬው ሳጥን ይገባል፤ የሚስቱ ስምና ፎቶግራፍም አለበት። ቀበሌው ውስጥ የተመረጡ ሰዎች ድንበር ሲጠቆም ቆመው አይተዋል፤ ጎረቤት ተቃውሞ ካለው እዚያው ተናግሯል። መዝገብ ለባለቤቱ ማስረጃ ሲሆን ሰው አይሸሸውም።

■ ከሌላ አገር አንድ ምሳሌ

አካባቢያዊ መሻሻል ለሚጠይቀው ገንዘብ ባለንብረቱን ማስከፈል በዓለም ላይ የተለመደ ነው። መንገዱ ሲነጠፍ፣ የፍሳሽ መስመር ሲዘረጋ፣ መብራት ሲገባ የቤቱ ዋጋ ይጨምራልና ወጪውን ተጋራ ይባላል። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1996 ሕዝብ በድምፁ ያጸደቀው «ፕሮፖዚሽን 218» የሚባል ሕግ አለ። አንድ ከተማ ወይም ወረዳ እንዲህ ያለ ክፍያ ሊጥል ሲፈልግ፣ መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ባለንብረት ስንት እንደሚደርስበትና በምን ስሌት እንደሆነ በጽሑፍ ያሳውቃል፤ የድምፅ መስጫ ወረቀትም ይልካል፤ ከዚያ ጉባኤ ይጠራል። የድምፁ ክብደት በሚከፈለው ገንዘብ ልክ ነው። ተቃዋሚው ከደጋፊው ከበለጠ ክፍያው አይጣልም።

ይህ ሥርዓት እንከን የለሽ አይደለም፤ ሀብታሙ ድምፁ ይከብዳል። ግን የቢቸናና የሞጣ ገበሬ ያጣቸውን ሦስት ነገሮች ይሰጣል፦ አስቀድሞ ማወቅን፣ ስሌቱን ማየትን፣ እምቢታን በወረቀት መግለጽን። በወረቀት እምቢ ማለት የሚችል ሰው ጫካ አይገባም።

■ ዛሬስ?

ጥያቄው የድሮ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚሁ ይበቃ ነበር። ግን የኢትዮጵያ ከተሞች አሁን ሌላ የክፍያ ዘመን ውስጥ ገብተዋል። በ1968 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታ ኪራይና የቤት ግብር አዋጅ ቁጥር 80 ለአሥርተ ዓመታት ይከፈል የነበረው የቦታና የቤት ግብር ዋጋው ከገበያው ርቆ ኖሯል። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅን አጸድቋል። አዋጁ ታክሱ የሚሰላበትን ዋጋ ከንብረቱ የገበያ ዋጋ 25 በመቶ ላይ ያሳርፈዋል። ከዚህ በተጨማሪ በየከተማው ለኮብልስቶን፣ ለውሃ መስመር፣ ለመብራት ትራንስፎርመር ነዋሪው ያዋጣል።

ገማቹ ተመልሶ መጥቷል ማለት ነው። አሁን የሚገምተው ጤፍ ሳይሆን ቤት ነው። የ1960 ሦስት ጥያቄዎች ግን እንዳሉ ናቸው።

ከቢቸናና ከሞጣ ታሪክ ባለንብረት የሚማረው የመጀመሪያው ነገር መለየትን ነው። የትኛው ክፍያ በአዋጅ ወይም በደንብ የተጣለ ነው? የትኛው በነዋሪ ስብሰባ የተወሰነ መዋጮ ነው? የትኛውስ ያለ ወረቀት በቃል የተጠየቀ ነው? በሕግ የተጣለውን ከፍሎ ደረሰኙን ማስቀመጥ፣ በፈቃድ የተባለውን በፈቃድ ማየት፣ ወረቀት የሌለውን ደግሞ ወረቀት መጠየቅ ይቻላል። ሁሉን አንድ ላይ ጠቅልሎ መጥላት ግን ሕገወጡን ሹም ይጠቅማል፤ ከሕጉ ጀርባ ይደበቃልና።

ሁለተኛው፣ ክርክሩን በትክክለኛው ቦታ ላይ ማድረግ ነው። የክፍያው መጠን አንድ ነገር ነው፤ የንብረቱ ግምት ሌላ ነው፤ የይዞታ መብት ደግሞ ሌላ። ግምቱ ስህተት ከሆነ፣ ለምሳሌ የጭቃ ቤት እንደ ብሎኬት ቤት ከተቆጠረ ወይም ስፋቱ ከካርታው ከበለጠ፣ የሚያዋጣው ስለ ግብር ክፋት መናገር ሳይሆን ካርታውን ይዞ የስፋቱን ልዩነት ማሳየት ነው።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 ታክስ ከፋዩ የግምት ውሳኔ በደረሰው በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታ እንዲያቀርብ፣ በቅሬታው ውሳኔ ካልረካ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ እንዲል ደንግጓል፤ ለይግባኙም ከተከራከረበት ታክስ ግማሹን እንዲያስይዝ ይጠይቃል። ለአካባቢ ክፍያዎች የሚሠራው ደንብ ከቦታ ቦታ ቢለያይም ባሕርዩ አንድ ነው፤ ቀኑ ካለፈ እውነት ይዞም መሸነፍ አለ። ወረቀቱ የደረሰበትን ቀን የጻፈ ሰው ግማሹን ሙግት ጨርሷል።

አራተኛው አንድነት ነው። ባለርስቱ ግብሩን በአያቱ ስም ከዘመዶቹ ጋር ይከፋፈል ስለነበር መሰብሰብና ሽማግሌ መምረጥ ያውቅበታል። የዛሬው የከተማ ነዋሪ ለቀብር ዕድር አለው፤ ለግብር ግን ብቻውን መስኮት ላይ ይቆማል። አንድ መንደር ላይ ተመሳሳይ ስህተት የደረሰባቸው አሥር ቤቶች በአንድ ማመልከቻ ቢቀርቡ ከአሥር የተለያዩ አቤቱታዎች ይልቅ ይሰማሉ። መዋጮውም እንዲሁ ነው። ገንዘቡን የሚቆጣጠር ኮሚቴ ከመካከላቸው ካልተመረጠ፣ ስንት ተሰብስቦ ስንት እንደወጣ በአደባባይ ካልተነበበ፣ ሥራው ጥሩ ቢሆን እንኳ ሐሜቱ አይቀርም።

ለመንግሥት የሚቀረው ትምህርት ደግሞ አንድ ነው። የቢቸናና የሞጣ አቤቱታ ደብረ ማርቆስ በደረሰ ጊዜ ገና ጥይት አልተተኮሰም ነበር። ሁለት ጥያቄ ብቻ የያዘ ነበር፤ ሁለቱም በኋላ ተመለሱ። በጊዜው ተነብቦ ቢሆን ኖሮ አውሮፕላኑ ባልተነሳ ነበር። ዛሬ በአንድ ማዘጋጃ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሳይነበብ የሚያድር የቅሬታ ማመልከቻ ሁሉ የዚያ አቤቱታ ዘመድ ነው።